ተቃዋሚውን በገጹ ላይ ያስቀመጠ መጽሐፍ

የቶማስ አኩዊናስን «ሱማ ቴዎሎጂካ» መደርደሪያ ላይ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ይኼ የሊቃውንት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጥራዙ ብዙ ነው፣ ስሙ ላቲን ነው፣ ሲገልጡትም በቁጥር የተሞላ ነው። መቅድሙን ያነበበ ግን ይገረማል። በጣም አጭር ነው፤ ደራሲው መጽሐፉን ለጀማሪዎች እንዳዘጋጀው በግልጽ ይናገርበታል። ጀማሪን የሚያሰለቸው ምን እንደሆነም ይቆጥራል፦ የማይረባ ጥያቄ መብዛቱ፣ ትምህርቱ የራሱን ቅደም ተከተል ትቶ የሚተረጎመው መጽሐፍ በመራው መሄዱ፣ አንዱ ነገር ደግሞ ደጋግሞ መነሣቱ። ሥልጠና ላይ ተቀምጦ ያዛጋ ሁሉ ይህን አቤቱታ ያውቀዋል።

ቶማስ በ1225 ገደማ በሮምና በኔፕልስ መካከል በምትገኘው ሮካሴካ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ቤተሰቡ ሳይወድ ዶሚኒካን መነኩሴ ሆነ፤ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲም ሁለት ጊዜ በመምህርነት ወንበር ተቀመጠ። ሱማን የጀመረው ግን ሮም ነው። በ1265 ማኅበሩ በሳንታ ሳቢና ገዳም ወጣት መነኮሳትን የሚያስተምርበት ቤት እንዲያቋቁም አዘዘው። ታሪክ አጥኚው ሊዮናርድ ቦይል እንዳስረዳው፣ እንዲህ ያሉት ወጣቶች አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ የማይላኩ፣ ለስብከትና ኑዛዜ ለመስማት የሚሰማሩ ነበሩ። በእጃቸው የነበረው የኑዛዜ መመሪያ ነው፤ ይህን ጥፋት ላጠፋ ይህ ይባላል፣ ያን ላጠፋ ያ ይባላል የሚል ዓይነት። ቶማስ የሚሠሩትን ሥራ ከነምክንያቱ እንዲያውቁት ፈለገ። ከመጽሐፉ 512 ጥያቄዎች 303ቱ ስለ ሰው ምግባር በሚናገረው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ መሆናቸው ሐሳቡን ያሳያል። ሥራ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ የሙያ ማሻሻያ መጽሐፍ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ቅርጹን ያገኘው ከዩኒቨርሲቲው የክርክር ጉባኤ ነው። በዚያ ዘመን ፓሪስ ውስጥ መምህሩ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ የተገኘው ሰው በጥያቄው ላይ መቃወሚያ ይደረድራል፤ ከመምህሩ ሥር ያለ ተማሪ ይመልሳል። ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። በሌላ ቀን መምህሩ ተመልሶ የተባለውን ሁሉ ያስተካክልና ፍርዱን ይሰጣል። ከገናና ከፋሲካ በፊት ደግሞ ማንም ሰው ያሻውን የሚጠይቅበት ልዩ ጉባኤ ነበር፤ ለመምህሩ ቀላል ቀን አልነበረም። ቶማስ ከነዚህ ጉባኤያት ባወጣቸው ሌሎች መጻሕፍት ለአንድ ነጥብ አሥርና ከዚያም በላይ መቃወሚያ ይደረድራል። በሱማ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ያህሉን ብቻ፣ ከባዶቹን መርጦ ያቀርባል። ለጀማሪው ያደረገው ርኅራኄ ይኸው ነው፦ ብዛቱን ቀነሰለት፣ ክብደቱን ግን አልቀነሰለትም።

መጽሐፉ በጥያቄዎች፣ እያንዳንዱ ጥያቄ በአንቀጾች ይከፈላል። አንቀጾቹ ከ2,600 ይበልጣሉ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ይመስል አንድ ቅርጽ አላቸው። አንዱን ከፍተን እንየው፦ ሁለተኛው ክፍል፣ ሁለተኛ ምድብ፣ ጥያቄ 66፣ አንቀጽ 7። ሰው ቢቸግረው መስረቅ ይፈቀድለታል ወይ?

ቶማስ የሚጀምረው አይፈቀድም ከሚሉት ነው። አንደኛው ሕግ ይጠቅሳል፦ ቤተክርስቲያን ተርቦ ወይም ታርዞ ምግብ፣ ልብስ ወይም ከብት የሰረቀ ሰው ሦስት ሳምንት ንስሐ ይግባ ብላለች፤ በደል ካልሆነ ንስሐው ለምን ታዘዘ? ሁለተኛው አሪስቶትልን ይዞ ይመጣል፦ ስማቸው ሲጠራ ክፋታቸው አብሮ የሚጠራ ድርጊቶች አሉ፣ ስርቆትም ከነሱ አንዱ ነው። ሦስተኛው ይበልጥ ብልህ ነው፦ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ተብሏል፤ ባልንጀራን በምጽዋት ለመርዳት መስረቅ እንደማይፈቀድ ደግሞ አጎስጢኖስ ተናግሯል፤ እንግዲያ ለራስ ሲሆን እንዴት ይፈቀዳል?

ቀጥሎ «በአንጻሩ» የሚል አጭር መስመር ይመጣል፦ በችግር ጊዜ ሁሉ ነገር የጋራ ነው የሚል። ብዙ ጀማሪ ይህን የቶማስ መልስ አድርጎ ይወስደዋል። መልሱ ገና ነው። ይህ መስመር ነገሩ ሌላም ወገን እንዳለው ያሳያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ችሎ አያስረዳም። ቶማስ ራሱ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ከሰው ሥልጣን ብቻ የሚመጣ ማስረጃ ከማስረጃ ሁሉ ደካማው መሆኑን ተናግሯል።

ከዚያ የራሱ መልስ ይመጣል። የሰው ሕግ የተፈጥሮን ሕግ ሊሽር አይችልም። ምድር የምታፈራው ነገር የተሰጠው የሰው ችግር እንዲቃለልበት ነው፤ ንብረት በግል መከፋፈሉም ይህን ዓላማ አያስቀረውም። ስለዚህ ለባለጸጋው የተረፈው ነገር በተፈጥሮ ሕግ ለድሃው የሚገባ ነው። ችግረኛው ብዙ ስለሆነና ባንድ ሀብት ሁሉንም መርዳት ስለማይቻል ማን ለማን ይስጥ የሚለው ለባለንብረቱ ኅሊና ተትቷል። ሆኖም ችግሩ ግልጽና አጣዳፊ ሆኖ ሌላ መውጫ ከጠፋ፣ ሰው በግልጽም ይሁን በስውር ከሌላው ንብረት ወስዶ ነፍሱን ቢያድን ይፈቀድለታል፤ ይህም በትክክለኛው አነጋገር ስርቆት አይባልም።

መጨረሻ ላይ ወደ መቃወሚያዎቹ ይመለሳል፤ አንዱንም አይዘልም። ያ ሕግ የሚናገረው አጣዳፊ ችግር ስላልደረሰበት ሰው ነው። ስርቆት ክፉ ስም መሆኑ እውነት ነው፣ ነገር ግን ሕይወቱን ለማቆየት የወሰደው ችግሩ የራሱ አድርጎለታል። ሦስተኛውን ደግሞ ይገለብጠዋል፦ ባልንጀራዬም እንደዚያ ቢቸገር ለእሱም መውሰድ እችላለሁ። ሊዘጋ የመጣው መቃወሚያ በሩን ይበልጥ ከፍቶ ሄደ ማለት ነው። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2408 የሚሰጠው ፍርድ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተኩል ያልቃል። መጽሐፉን ብቻውን ለሚያጠና ሰው የምመርጥለት በዚህ ምክንያት ነው። ብቻውን የሚያነብ ሰው መጽሐፍ ሊያገኝ ይችላል፣ ጊዜም ይሰርቃል፤ የሚያጣው «ቆይ፣ እሱ እንዴት ይሆናል?» የሚለውን ሰው ነው። ያነበበውን ሁሉ እሺ እያለ ይውጣል፣ ወይም ገና ሳይሰማ ይጣላል። ሱማ ያን ሰው ገጹ ላይ አስቀምጦታል፤ ያውም ደደብ አድርጎ ሳይሆን አስተዋይ አድርጎ። የአንድምታ ትርጓሜ የለመደ አንባቢ እዚህ ትንሽ ይቸገር ይሆናል። አንድምታው «አንድም» እያለ ትርጓሜዎቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ አንዱ ሌላውን አያባርርም። ሱማ ግን ሁሉንም ሰምቶ ይፈርዳል፤ ከፈረደም በኋላ ለተረታው ምክንያቱን ይነግረዋል።

አነባበቡ ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። መቃወሚያዎቹን አንብቦ መልሱን በወረቀት መሸፈን፣ በደብተር ላይ የራስን መልስ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከዚያ ወረቀቱን ማንሣት ነው። ለመቃወሚያዎቹ የተሰጡትን ምላሾችም እንደዚሁ። ይህን ያልሞከረ አንባቢ «በአንጻሩ» የሚለው ላይ እስኪደርስ ይሮጣል፣ መልሱን ያነብባል፣ ተስማምቶ ይዘጋል፤ በማግስቱ ምን እንዳነበበ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው የለም። በቀን አንድ አንቀጽ ያነበበ ሰው መጽሐፉን ለመጨረስ ከሰባት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ማንም ይጨርሰው አይልም። ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ የሚናገሩት የመጀመሪያ ጥያቄዎች ከሁሉ ደረቆቹ ናቸው፤ ብዙ ሰው እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ክፍል፣ አንደኛ ምድብ፣ ጥያቄ 38 ይሻላል፦ የኀዘን መድኃኒት ምንድን ነው? አምስቱ አንቀጾች ደስታን፣ እንባን፣ የወዳጆችን ሐዘኔታ፣ እውነትን ማሰላሰልን፣ በመጨረሻም እንቅልፍንና ገላ መታጠብን ይመረምራሉ። ሊቁ ስለ ገላ መታጠብ በቁም ነገር ሲከራከር ማየት ፍርሃቱን ያስለቅቃል።

አንድ ቁልፍ መያዝ ግን ግድ ነው። ቶማስ ሰዎቹን ሁሉ በስማቸው አይጠራም። «ፈላስፋው» ሲል አሪስቶትል ነው፤ «ተርጓሚው» የአንዳሉሱ ኢብን ሩሽድ፤ «ሐዋርያው» ጳውሎስ፤ «መምህሩ» የዘመኑን የማስተማሪያ መጽሐፍ የጻፈው ጴጥሮስ ሎምባርድ፤ «ረቢ ሙሴ» ደግሞ አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ። አንድ የካቶሊክ መነኩሴ ሙስሊሙንና አይሁዳዊውን በዚህ አክብሮት እያነሣ ሲከራከር ማየት ራሱ ትምህርት ነው። በእንግሊዝኛ የእንግሊዝ ዶሚኒካውያን ከ1911 ጀምሮ ያሳተሙት ትርጉም ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል።

ስለ ማጥናት ራሱ የተጻፈውን ክፍል ሙያውን ለማሻሻል የሚማር ሰው ቢያነበው ይጠቀማል። ሁለተኛው ክፍል፣ ሁለተኛ ምድብ፣ ጥያቄ 166 እና 167 ነው። ቶማስ የጥናትን ትጋት የመደበው ከመጠን ጋር ነው፤ ለመብል ልክ እንደሚያስፈልገው ሁሉ የማወቅ ጉጉትም ልክ ይፈልጋል ባይ ነው። ጉጉቱ ልኩን የሚያጣባቸውን መንገዶች ሲቆጥር መጀመሪያ የሚያነሣው ሰው ግዴታው የሆነውን ጥናት ትቶ እምብዛም ወደማይጠቅመው ሲሄድ ነው፤ ወንጌሉን አስቀምጠው ቲያትር የሚያነቡትን ካህናት ከጄሮም ጠቅሶ በምሳሌነት ያነሣል። ከአቅም በላይ የሆነውን መመርመርም እዚያው ተቆጥሯል። በየዓመቱ ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ዶሴ ብቻ ወረቀት የሚሰበስብ መምህር፣ ወይም ነጥብ ስላለው ብቻ ሥልጠና የሚቀመጥ ነርስ፣ ይህን አንቀጽ ቢያነብ አንድ ቦታ ላይ ይቆነጥጠዋል።

ጥናቱ ደግሞ በካቶሊክ ቤተክርስቲያን ለወደደ ብቻ የተተወ አይደለም። የ1983ቱ የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ካህናት ከተሾሙም በኋላ ቅዱስ ትምህርትን እንዲቀጥሉ ያዛል (ቀኖና 279)፤ ምእመናንም እንደየአቅማቸው ትምህርቱን የማወቅ ግዴታም መብትም አላቸው ይላል (ቀኖና 229)። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን የምትተዳደርበት የ1990ው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖናም ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው። የሒሳብ ሠራተኛው ማታ ቤቱ ተቀምጦ ነገረ መለኮት ቢያነብ የካህንን ሥራ ተሻማ የሚለው ካለ ቀኖናውን አላየም።

ይሁንና ሱማን ብቻውን ይዞ መቀመጥ ያሳስታል። ቶማስ የዘመኑ ሰው ነው። ስለ ሴት አፈጣጠር የጻፈው (አንደኛ ክፍል፣ ጥያቄ 92) በአሪስቶትል የተሳሳተ ሥነ ሕይወት ላይ የቆመ ነው። መናፍቃን ለመንግሥት ተላልፈው ሊገደሉ ይገባል የሚለው አንቀጽም አለ፤ ያቺው ቤተክርስቲያን በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ማንም ሰው በሃይማኖት ጉዳይ እንዳይገደድ ደንግጋለች። ስለዚህ ትምህርተ ክርስቶሱን አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ2,865 ቁጥሮች የተከፋፈለ ስለሆነ መፈለግ አያስቸግርም፤ ሱማ ክርክሩን ያሳያል፣ እሱ ቤተክርስቲያን ዛሬ የምታስተምረውን ይናገራል።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ መጽሐፉ መጨረሻ ነው። በታኅሣሥ 1273 ቶማስ ኔፕልስ ውስጥ ቅዳሴ ቀድሶ ከወጣ በኋላ መጻፉን አቆመ፤ ረዳቱ ረጂናልድ ቢለምነውም አልቀጠለም። በመጋቢት 1274 ሞተ። ሦስተኛው ክፍል ስለ ምሥጢረ ንስሐ እየተናገረ በጥያቄ 90 ላይ ተቋርጧል። ዛሬ በብዙ እትሞች ከዚያ በኋላ የሚገኘው «ተጨማሪ» የተባለው ክፍል ከሞተ በኋላ ሌሎች የገጣጠሙት ነው፤ የወሰዱትም 20 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በጴጥሮስ ሎምባርድ መጽሐፍ ላይ ከጻፈው ሐተታ ነው። ጋብቻና ትንሣኤ ሙታን የሚገኙት በዚህ ክፍል ነው። ስለነዚህ ጉዳዮች «ቶማስ በሱማ እንዲህ አለ» ሲባል የሰማ አንባቢ መጀመሪያ ቁጥሩን ይመልከት፤ «ተጨማሪ» የሚል ካለበት ያ ቃል የሠላሳ ዓመት ገደማ ወጣት መምህር ቃል ነው፤ ሱማን የጻፈው ሰው ደግሞ ብዙ ሐሳቡን በኋላ አሻሽሏል።