ሳግ ሲተናነቀን እንዴት እንዝፈን?

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ላይ ትዝታ ልዘፍን መድረክ ወጥቼ ሁለተኛው ስንኝ ላይ እንደቆምኩ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ግጥሙ ጠፍቶብኝ አልነበረም። አያቴ ካረፉ ገና ሦስት ወራቸው ነበር፤ ሳግ ተናነቀኝና ድምፄ አልወጣ አለ። አጨብጭባችሁልኛል፤ ግን ሳልጨርስ መውረዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ በነርሲንግ ትምህርቴም በድምፅ ልምምዴም የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ድምፅ የሚፈጠረው ማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ተቀራርበው፣ ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲያርገበግባቸው ነው። ሙዚቀኞች መሣሪያ የሚቃኙባትን «ላ» ስንዘፍን በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባሉ። ስናዝን ግን ሰውነታችን ብዙ አየር ለማስገባት አውታሮቹን ይከፍታል። ለመዋጥም ለመዝፈንም ደግሞ መዘጋት አለባቸው። አንዱ «ክፈት»፣ ሌላው «ዝጋ» ሲል ጉሮሯችን ላይ እብጠት ያለ ይመስለናል። በጉልበት ከገፋን ደግሞ ዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ይጨመደዱና ድምፁ ይሻክራል።

ይህ የሮክ ሙዚቃዊ ተውኔት ዘፋኞች የየምሽት ፈተና ነው። «ኔክስት ቱ ኖርማል» ባይፖላር ስላለባት እናት የሚናገር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት እዚሁ ኦስሎ በዴት ኖሽከ ቴያትረት ታየ። እናትየዋ ከምትዘፍናቸው አንዱ ተራሮቹ እንደናፈቋት የሚል ነው፤ ርዕሱን ብቻ ብትሰሙት ትዝታ ትሉታላችሁ። ተዋናይዋ ዛሬ ከልቧ ብታለቅስ ነገ ድምፅ አይኖራትም።

እኛም አገር ይህን የሚያውቁ አሉ፤ አልቃሾች። ሙሾ አውራጇ ለቀስተኛውን ሁሉ ታስለቅሳለች፤ የራሷ ስንኝ ግን አይቆረጥም።

እኔን የረዱኝ እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ ልቅሶውን ቤት ጨርሱት። ግጥሙን ሳትዘፍኑ ደጋግማችሁ አንብቡት፤ ካስለቀሳችሁ አልቅሱ። መድረክ ላይ የመጀመሪያችሁ አይሁን።

ሁለተኛ፣ ትንፋሽ። ትከሻችሁ ሳይነሳ ጎናችሁ እስኪሰፋ ወደ ታች ተንፍሱ፤ ከዚያ «ስስስ» እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት።

ሦስተኛ፣ ስትሮ። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትሮ ከታችሁ አረፋ እያስነሳችሁ ዜማውን አንጎራጉሩ። ወደ ኋላ የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹ ሳይጋጩ እንዲርገበገቡ ያግዛል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

አራተኛ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ሳቁ። ጉሮሮው ሰፋ ሲል ይሰማችኋል። ከባዱን ስንኝ በዚያው ስፋት ዝፈኑት።

አምስተኛ፣ ቃናውን ዝቅ አድርጉ። አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ማለት ለስሜቱ ቦታ ይሰጣል።

ሳጉ ከነዚህ ሁሉ በኋላም ቢመጣስ? አትግፉት። ዝም በሉና አየሩን አውጡ። ቲያትር ቤት ኦርኬስትራው አይጠብቅም፤ ትዝታ ውስጥ ግን ማሲንቆው ይረከባችኋል። ከሦስት ሳምንት በላይ ድምፃችሁ ከሻከረ ግን ስትሮ አይፈታውም፤ የቤተሰብ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

በቅርቡ ልምምድ በምሠራበት ክፍል አንዲት ታማሚ ሌሊት አረፉ። ጠዋት ልጃቸው መጥታ «ብቻዋን ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ። ያው ሳግ መጣ። ትከሻዬን አወረድኩ፣ አየሩን አወጣሁ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይደለም፣ እጃቸውን ይዤ ነበር» አልኳት። ዓረፍተ ነገሩን ጨረስኩት። ሁለታችንም ያለቀስነው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘንድሮም እዘፍናለሁ። ክራር የምትመቱ ካላችሁ አብራችሁኝ ውጡ፤ ካቆምኩ እናንተ ቀጥሉ፣ እደርስባችኋለሁ።