የቶንሲል ህመም እና የልጅዎ ልብ

የልብ ህመም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ነው። በአገራችን ግን በልጅነት ከጉሮሮ ተነስቶ ልብን የሚጎዳ በሽታ አለ፤ ሩማቲክ የልብ በሽታ ይባላል።

መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው የቶንሲል ህመም ሲሆን፣ በብዛት የሚያጠቃውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ አንዳንዴ የራሱን መገጣጠሚያና ልብም አብሮ ያጠቃል። ይህ የሚሆነው ጉሮሮው ከታመመ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ቤተሰብ ሁለቱን አያያይዛቸውም። ልጁ ያተኩሰዋል፤ ጉልበቱ አብጦ ያመዋል፤ እሱ ሲሻለው ህመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ወደ ክርኑ ይዞራል። «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እውነትም የመገጣጠሚያው ህመም ጉዳት ሳይተው ይለቃል። የልብ ቫልቮች ግን ይቆስላሉ። ቫልቮች ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ ናቸው፤ ህመሙ በተደጋገመ ቁጥር ይጠብባሉ ወይም አልገጥም ይላሉ። ትንፋሽ ማጠር፣ ቶሎ መድከምና የእግር እብጠት የሚመጡት ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ነው። አንዳንድ ሴቶች በሽታው እንዳለባቸው የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ሳል ወይም ንፍጥ ሳይኖረው ጉሮሮውን ካመመውና ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሕክምናው አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። በ3ኛው ቀን ቢሻለውም አያቋርጡ። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

በሽታው አስቀድሞ የተገኘበት ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት ይወጋል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚዘናጉት፦ መርፌው ያማል፣ ልጁም ደህና ሆኖ ይጫወታል። መርፌው ግን የተጎዳውን ቫልቭ አይጠግንም፤ ሥራው ቀጣዩ የቶንሲል ህመም ጉዳቱን እንዳያባብሰው መከላከል ነው። አንዴ ክፉኛ ለተበላሸ ቫልቭ የሚቀረው ቀዶ ጥገና ነው፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ማዕከል ቢሰጥም ወረፋው ረጅም ነው።

ልጅዎ ፔኒሲሊን የማይስማማው ከሆነ ከመወጋቱ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ። መርፌው ቀስ ተብሎ ሲሰጥ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ይህንንም መጠየቅ ይችላሉ። የቀጠሮው ቀን ካለፈ ቀጣዩን ወር አይጠብቁ፤ በማግስቱም ቢሆን ይውሰዱት።