ዕቃ ማጠቢያው ማሽን ሲያስቸግር

ውድ ባለትዳሮች! የዕቃ ማጠቢያ ማሽናችሁ ሲቆም «አንተ ነህ ያበላሸኸው»፣ «አንቺ ነሽ» ከመባባላችሁ በፊት ውኃውን ጠርጥሩ። እንደ ዊንጌት ባለ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ሄዶ ሲመለስ ደለልና ዝገት ይዞ ይመጣል። ይህም ውኃ ማስገቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ይደፍናል። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፤ ውኃውን ዝጉ፤ ቱቦውን ፈታችሁ ወንፊቷን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ለዚህ ባለሙያ መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ወንፊቷ ንጹሕ ሆና ውኃው ካልገባ ቀና ብላችሁ ሮቶአችሁን እዩት። ብዙዎቹ ማሽኖች 0.5 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋሉ። ይህን ለማግኘት በሮቶው ውስጥ ያለው ውኃ ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። የእናንተ ሮቶ ግን ከዚህ ዝቅ ባለ ማማ ላይ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል! እንዲህ ከሆነ የጎደለው ትንሽ የውኃ ፓምፕ እንጂ ማሽኑ አልተበላሸም።

ሳህኑ ሽሮ እንደተለጠፈበት ከወጣስ? ከማሽኑ ወለል ላይ ያለውን ማጣሪያ አውጥታችሁ እጠቡ፤ የሚሽከረከረውን ውኃ መርጫ ቀዳዳዎችም በስቴኪኒ ክፈቱ። የእጅ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አትጨምሩበት፤ አረፋው ወጥ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ጀበናና የሸክላ ድስት ግን ሳሙናውን ስለሚመጡ እንደ ድሮው በእጅ ይታጠቡ።