የማለዳ ሩጫና የተጎዳ መንፈስ ማገገም፦ ስለ አራዳና ፒያሳ የጤና ቡድኖች

በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች፣ በተለይም ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎና ጃንሜዳ ባለው አካባቢ፣ እሑድ ማለዳ ተሰልፈው ሶምሶማ የሚሮጡ ጎልማሶችን ማየት የተለመደ ነው። እነዚህ ስብስቦች በአብዛኛው «የጤና ቡድን» እየተባሉ ይጠራሉ። አባላቱ ለውድድር የሚዘጋጁ አትሌቶች ሳይሆኑ ደም ግፊትንና ስኳርን ለመከላከል በሚል የተሰባሰቡ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ሮጠው፣ ሰውነታቸውን አፍታተው፣ ኳስ ተጫውተው ቁርስ አብረው ይበላሉ፤ መዋጮ ያዋጣሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ሐዘንተኛ ያጽናናሉ። ቡድኑ ግማሹ ስፖርት፣ ግማሹ ዕድር ነው ማለት ይቻላል። የጤና ባለሙያው ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ነው።

የአካል እንቅስቃሴ ድብርትን እንደሚያቃልል በርካታ ጥናቶች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ 218 ጥናቶችንና ከ14,000 በላይ ተሳታፊዎችን ያካተተ ግምገማ፣ የእግር ጉዞና ሶምሶማ የድብርት ምልክቶችን በመካከለኛ ደረጃ እንደሚቀንሱ፣ እንቅስቃሴው በበረታ መጠንም ጥቅሙ እንደሚጨምር አመልክቷል፤ የማስረጃው ጥንካሬ ዝቅተኛ መሆኑንም አልሸሸገም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያም ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ነገር ግን ይህን ቁጥር በካርድ ላይ ጽፎ መስጠት አልጋ የያዘውን ሐዘንተኛ አያስነሳውም።

በባህላችን ሐዘንተኛ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻውን አይተውም። ድንኳን ተተክሎ፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ እየመጣ ያስተዛዝናል። ከሠልስት በኋላ ግን ድንኳኑ ይነቀላል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ከሰው መሸሹና ተስፋ መቁረጡ የሚበረቱት ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። በዚህ ወቅት ከማለዳው 12 ሰዓት በር ላይ ቆሞ የሚጠራ ጓደኛ ያለው ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ምክንያት ያገኛል። ጎን ለጎን እየሮጡ ማውራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመናገር ይቀልላል፤ በተለይ ሐዘኑን አፍኖ መያዝ ወንድነት ነው ተብሎ ላደገ ሰው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ፈውሱ ከእግሩ ይልቅ በቀጠሮው ውስጥ አለ።

የአበበ ቢቂላ የመጨረሻ ዓመታት ለዚህ አስረጅ ናቸው። አበበ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ ዳግመኛ መራመድ አልቻለም። ለሕክምና የተላከው በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር፤ በዚያም ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን የአከርካሪ ጉዳተኞች ሕክምና አካል አድርገውት ነበር። አበበ ቀስት መወርወር ተለማምዶ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው በተካሄደው የጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። እግሮቹ አልተመለሱለትም፤ ወደ ተወዳዳሪዎች ማኅበር ግን ተመልሷል።

ጉዳዩን ዛሬ አንገብጋቢ የሚያደርገው የፒያሳ ሁኔታ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ሯጮቹ ለወራት ሜዳቸውን አጡ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሳቢያ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወሩ። ዕቃ በመኪና ይጫናል፤ ዕድር፣ ዕቁብና የጤና ቡድን ግን አይጫኑም። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው «አዝኛለሁ» ብሎ ሳይሆን ራስ ምታት፣ የጨጓራ ቃጠሎ ወይም እንቅልፍ ማጣት ይዞ ነው። ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር «ቀድሞ ከማን ጋር ይሮጡ ነበር? ዛሬስ ይገናኛሉ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቡድኑ ካለ በወር አንዴም ቢሆን እንዲመለስ፣ ከሌለ በአዲሱ ሰፈር ሌላ እንዲፈልግ ማበረታታት ይገባል።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለውን ታካሚ ለሩጫ ቡድን ትቶ መሄድ አይቻልም፤ ሳይዘገይ ወደ አእምሮ ሕክምና መላክ አለበት። የደረት ሕመም ወይም ራስን የመሳት ታሪክ ያለው፣ የልብ በር ሕመም የተጠረጠረበት፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው አስቀድሞ ይመርመር። ማለዳ በውሻ የተነከሰ ሯጭም ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት መምጣት እንዳለበት ይነገረው።

ሌላው ጉድለት ቡድኖቹ በአብዛኛው የወንዶች መሆናቸው ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ቅድሚያ ለሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሴቶቹን ፍላጎት በግልጽ አሳይቷል፤ ይሁንና እሱ በዓመት አንድ ቀን ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በአንድ መንደር ያሉ ሦስት አራት ሴቶችን አገናኝተው፣ ጨለማው ከተገፈፈ በኋላ በእግር ጉዞ እንዲጀምሩ ቢረዷቸው ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።