በገደሉ ጠርዝ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ

ትንንሽ አውሮፕላን የሚያበርሩ ሰዎች ከሚወዷቸው ጉዞዎች አንዱ የባሕር ጠረፍን ተከትሎ መብረር ሲሆን፣ ምክንያቱም ጠረፉ ለዓይን ውብ ከመሆኑ ባሻገር ራሱ መንገድ መሪ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ የሰሜኑ ደጋ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድበት፣ ከሸዋ ተነሥቶ በወሎ በኩል እስከ ትግራይ የሚዘልቀው ገደላማ ጠርዝ ለአብራሪ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ከዚህ ጠርዝ ላይ ደግሞ ከደሴና ከኮምቦልቻ አካባቢ የሚስተካከል ጥቂት ነው።

ሁለቱን ከተሞች የሚያገለግለው አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ኮምቦልቻ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። በመካከላቸው በሐረጎ ጠመዝማዛ አቀበት 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬደው መንገድ በአየር ሲለካ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። አብራሪው በመሣሪያ ሳይሆን ምድሩን እያየ አቅጣጫውን የሚጠብቅበት ጉዞ የእይታ በረራ ይባላል፤ ለዚህም የቦርከና ወንዝ፣ የጦሳ ግንብ መሰል ገጽና ከማረፊያው በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሐይቅ ውኃ ከሩቅ የሚለዩ ምልክቶች ናቸው። ከላይ ሲታይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት በዛፍ ተሸፍኖ ወደ ውኃው ገባ ብሎ ይታያል።

ሆኖም ውበቱ ዋጋ ያስከፍላል። አየር ከፍ ባለና በሞቀ ቁጥር ስለሚሳሳ፣ ክንፉን የሚያነሣው ኃይልና ሞተሩ የሚያመነጨው ጉልበት አብረው ይቀንሳሉ። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ በመደበኛው ስሌት 2,650 ሜትር ላይ ያለውን ያህል ይሳሳል፤ በዚህ ጊዜ አራት ሰው የሚይዝ እንደ ሴስና 172 ያለ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ ከተነሣም በኋላ የሚወጣው በዝግታ ነው። ስለዚህ ጦሳን በቀጥታ ለመሻገር ከመታገል ይልቅ በስተምሥራቅ ባለው ዝቅተኛ መሬት ላይ በሰፊው እየዞሩ ከፍታ መያዝና ጠርዙን በጎን አድርጎ መጓዝ የብልህ አብራሪ ምርጫ ነው።

ነፋሱም ከዚህ ያልተናነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ተራራውን ተሻግሮ የሚወርድ ነፋስ ትንሽ አውሮፕላንን ወደ ታች ይጫናል፣ ከቀትር በኋላ ከጋለው መሬት የሚነሣው አየር ደግሞ ያንገላታል። በክረምት ዝናብና ደመና፣ በበልግም ጉም ገደሉን ሊሸፍኑት ስለሚችሉ፣ ተመራጩ ጊዜ የበጋ ማለዳ ነው።

የደሴ ሰማይ መከራም አይቷል፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደብድበው ብዙ ሕዝብ ፈጅተዋል። ይህ ሰማይ ለሰላማዊ ጉብኝት በር ቢከፈትለት የተገባ ነው። የግል አውሮፕላን የሌለው አንባቢም ዕድሉ አልተዘጋበትም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ሲበር በስተቀኝ መስኮት፣ ሲመለስ በስተግራ ቢቀመጥ፣ ደጋው ወደ አፋር ሲወርድ በዓይኑ ማየት ይችላል።