መነጽር የምታደርጉ ሰዎች የባሕር ማስክ ከመግዛታችሁ በፊት

ቡታጅራ ከባሕር ሩቅ ናት፤ ልጆቿ ግን ሩቅ አይደሉም። ጅዳ የሚሠራ ወንድም፣ ጅቡቲ የሚነግድ አጎት ያላቸው ቤተሰቦች በአካባቢያችን ብዙ ናቸው። ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ቀይ ባሕር ዳር መድረሱ አይቀርም። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ኮራሉና በቀለም ያሸበረቀው ዓሣ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይታያሉ። ጅቡቲ አርታ አጠገብ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ሰዎች ከሌላ አህጉር ሳይቀር ይመጣሉ። ይህን ለማየት ጠላቂ መሆን አያስፈልግም። ፊትን የሚሸፍን ማስክ አድርጎ፣ ስኖርክል የሚባለውን ቱቦ በአፍ ይዞ፣ ከላይ እየተንሳፈፉ ወደ ታች ማየት ይበቃል።

መነጽር ለሚያደርግ ሰው ግን ጥያቄው ወዲያው ይመጣል፤ መነጽሬን ምን ላድርገው? መነጽሩን እንዳደረገ ማስኩን ቢደርብበት የመነጽሩ እጀታ ማስኩን ከፊቱ ያራርቀውና ውሃ ይገባል። አውልቆ ቢገባ ደግሞ ችግሩ ዓሣውን አለማየት ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ማይነስ 5 የሆነ ሰው ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያየው ከዓይኑ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ቀና ሲል አብሮት የመጣውን ልጅ ከሌላው ሰው፣ የመጣበትን ጀልባ ከሌላው ጀልባ አይለይም። ባሕሩ ቀስ ብሎ ሲወስደው ከዳር ምን ያህል እንደራቀም ላያስተውል ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት ማስክ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይረዳል። ዓይናችን ብርሃንን ሰብስቦ ምስል ከሚፈጥርበት ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው ከፊት ካለው ኮርንያ ከሚባለው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ነው። ይህ የሚሆነው ግን ከኮርንያው ፊት አየር ሲኖር ነው። ዓይናችንን ውሃ ውስጥ ስንገልጥ ያ ጉልበት ይጠፋል፤ ስለዚህ ጤናማ ዓይን ያለውም ሰው ውሃ ውስጥ ሁሉ ነገር ይደበዝዝበታል። የማስክ ሥራ ዓይን ፊት አየር ማኖር ነው። ብርሃኑ ከውሃ በመስተዋቱ በኩል ወደ አየር ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ የምናየው ነገር በሲሶ ያህል ተልቆ፣ ከትክክለኛ ርቀቱም በሩብ ያህል ቀርቦ ይታየናል። ሁለት ሜትር ላይ ያለው ዓሣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ያለ ይመስላል። የበስራው ሊቅ ኢብኑ አልሀይሠም ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ኪታቡል መናዚር በተሰኘው ሥራው ሰባተኛውን ክፍል ለዚሁ ለብርሃን መታጠፍና ዓይንን ለሚያሳስትበት መንገድ ነበር የሰጠው። አስተማሪ ሳለሁ ይህን ለተማሪዎች በብርጭቆ ውሃና በእርሳስ ማሳየት ደስ ይለኝ ነበር፤ እርሳሱ የተሰበረ ሲመስል የማይስቅ ልጅ የለም።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጥቅም አለ። ቁጥራችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ማይነስ 1 ወይም 1.50 ገደማ ማለት ነው፣ ነገሩ ቀርቦና ተልቆ ስለሚታይ ተራ ማስክ ሊበቃችሁ ይችላል። ልዩ ማስክ ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት ተራውን ተውሳችሁ ሞክሩ። ከማይነስ 2.50 በላይ ያለው ግን ባያወጣ ይሻለዋል ብዬ አልመክርም። ማይነስ 5 ያለው ሰው ውሃ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚታየው ከ20 ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ቢያድግለት ነው፤ ያ ደግሞ ምንም አያሳይም።

ከሱቁ በፊት መሄድ ያለባችሁ ወደ ዓይን ምርመራ ነው። ቡታጅራ ላይ በዓይን ሕክምና የሚታወቀው ግራርቤት ሆስፒታል አለ፤ ሌላ ቦታ ያላችሁም የዓይን ክሊኒክ አታጡም። የድሮ ማዘዣ አትያዙ፤ ቁጥር ይለወጣል። በማዘዣው ላይ ለእያንዳንዱ ዓይን ሦስት ቁጥሮች ታያላችሁ። ስፌር ዋናው ቁጥር ነው። ሲሊንደር የአስቲግማቲዝም መጠን ነው፤ ያ ችግር የሌለበት ሰው ቦታው ባዶ ይሆናል። አክሲስ ደግሞ የሲሊንደሩ አቅጣጫ ነው። አራተኛ ቁጥር ካልተጻፈላችሁ ጠይቁና አስለኩ፤ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር፣ በባለሙያዎች አጠራር ፒዲ።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሁለት መስኮት ያለውና መስተዋቱ የሚፈታ ማስክ ነው። ሻጩ ተራውን መስተዋት አውልቆ ቁጥር ያለውን ይገጥምላችኋል፤ ለግራና ለቀኝ የተለያየ ቁጥር ማድረግም ይቻላል። እነዚህ ዝግጁ ሌንሶች አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ በግማሽ ቁጥር ይዘላሉ፤ ሲሊንደርም የላቸውም። ስለዚህ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ የሲሊንደሩን ግማሽ ስፌሩ ላይ ደምሩ። ቀኝ ዓይን ስፌር ማይነስ 4.00፣ ሲሊንደር ማይነስ 1.00 ቢሆን፣ ማይነስ 4.50 ትወስዳላችሁ። ግራው ማይነስ 3.50 ከማይነስ 0.50 ጋር ቢሆን ማይነስ 3.75 ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ሌንስ ስለማይገኝ ከ3.50 እና ከ4.00 መምረጥ ግድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ዝቅተኛው ነው። ከሚገባው በላይ የበረታ ሌንስ ዓይንን ያደክማል፣ በተለይ አርባን ለተሻገረ ሰው። የማስክ ሌንስ ከመነጽር ይልቅ ከዓይን ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ከማይነስ 6 በላይ ያላችሁ ግን በግምት አትምረጡ፤ ማዘዣውን የጻፈላችሁን ባለሙያ ስለ ርቀቱ ጠይቁት።

ሌንሱን ስትቀበሉ ውጭውን በጣታችሁ ዳስሱት። ጥሩ የውሃ ሌንስ ውጭው ጠፍጣፋ፣ ጉድጓዱ ወደ ውስጥ በአየሩ በኩል ነው። ለዚህ ነው የየብሱ ቁጥራችሁ ውሃ ውስጥም ሳይለወጥ የሚሠራው። መስተዋቱ ላይ ቴምፐርድ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ቢሰበር ስለታም ስባሪ አይሆንም። ሲሊንደሩ 2 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ የግማሽ ሒሳቡ አይበቃውም። በልኩ ተሠርቶ ማስኩ ውስጥ የሚለጠፍ ሌንስ ማዘዝ አለበት፤ ፒዲው የሚያስፈልገውም እዚያ ላይ ነው። ውድ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል።

ኮንታክት ሌንስ አድርጎ በተራ ማስክ መግባትስ? ብዙዎች ያደርጉታል፤ የዓይን ሐኪሞች ግን አይወዱትም። አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተህዋሲ በሐይቅ፣ በባሕርም ሆነ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከሌንሱ ሥር ከገባ ኮርንያን እስከማጥፋት የሚደርስ ሕመም ያመጣል፤ ሕክምናውም ወራት ይፈጃል። ማስክ ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ውሃ ማስገባቱ አይቀርም። የግድ ከሆነ በቀን አንዴ ተደርጎ የሚጣለውን አድርጉ፤ እንደወጣችሁም ጣሉት። ይህ ኮንታክት ሌንስ አድርገው ውዱእ ለሚያደርጉም ይሠራል፤ ፊት ሲታጠቡ ዓይንን መክደን ነው። የዓይንን ውስጥ ማጠብ በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ግዴታ አይደለም።

ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ ማስኩ ከፊታችሁ ጋር ካልገጠመ ገንዘቡ ባከነ። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ማስኩን ፊታችሁ ላይ አድርጉና በአፍንጫ አየር ወደ ውስጥ ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ሳይወድቅ ተጣብቆ ከቀረ ልካችሁ ነው። የሲሊኮኑ ከንፈር የሚያርፈው በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል ስለሆነ ወንዶችን የሚያስቸግረው ሪዝ እንጂ ጺም አይደለም። ሪዙን በሱናው የሚያሳጥር ሰው እዚህ ላይ ተጠቃሚ ነው! እህቶች ደግሞ የዋና ሒጃባችሁ ጠርዝ ከሲሊኮኑ ሥር እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ጨርቅ በገባበት ውሃ ይገባል። ጠርዙን ወደ ፀጉር መነሻ ገፋ አድርጉት፤ ማስኩ ቆዳ ላይ ይረፍ፣ ማሰሪያው ከሒጃቡ ላይ ይለፍ።

ፊትን እስከ አገጭ ድረስ የሚሸፍነውን ባለ ቱቦ ሙሉ ማስክ ለመነጽር ሰው አልመርጠውም። ጺም ባለበት አገጭ ላይ አይገጥምም። ርካሹና በደንብ ያልተሠራው ዓይነት የተነፈሱትን አየር መልሶ ያስተነፍሳል፤ ውሃ ሲገባም በፍጥነት ለማውለቅ አይመችም። አፍንጫን የማይሸፍነው የዋና መነጽርም በቁጥር ይገኛል፣ ርካሽም ነው፤ ሆኖም ለላይ ዋና እንጂ ወደ ታች ለመጥለቅ አይሆንም። ግፊቱ ሲጨምር በአፍንጫ አየር ሰጥቶ ማስተካከል ስለማይቻል ዓይንን ይመጣል። ሞራ የተገፈፈላቸው ወይም ሌላ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ እናቶችና አባቶችም የሐኪማቸውን ፈቃድ ሳያገኙ ማስክ ባያደርጉ ይሻላል።

እንግዲህ ጅዳ ላለው ወንድም “ማስክ ግዛልኝ” ብቻ ብላችሁ አትላኩ። የማዘዣውን ፎቶ፣ የሠራችሁትን የሁለቱን ዓይን ቁጥርና ፒዲውን ላኩለት፤ መስተዋቱ የሚፈታ መሆኑንም ይጠይቅላችሁ። የፊት ልክን ግን ማንም ሊሞክርላችሁ አይችልምና፣ ራሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግዢውን እዚያው ብታደርጉት የተሻለ ነው። መነጽራችሁን ዳር ለሚቆይ ሰው ስጡ እንጂ አሸዋ ላይ አታስቀምጡ።

መጀመሪያ የምትሞክሩትም ጥልቀት በሌለው ውሃ ይሁን። ላንጋኖ ለዋና የሚወደድ ቢሆንም ውሃው ቡናማ ስለሆነ ማስክ ምንም አያሳያችሁም፤ ንጹሕ የመዋኛ ገንዳ ይሻላል። ወገባችሁ ድረስ ባለው ውሃ ቆማችሁ ሆን ብላችሁ ማስኩ ውስጥ ጥቂት ውሃ አስገቡ። ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ ግንባራችሁ ላይ በጣት ተጭናችሁ፣ ትንሽ ቀና ብላችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ፤ ውሃው በታች በኩል ይወጣል። ይህን ሳትደነግጡ አምስት ስድስት ጊዜ እስክትደግሙት ድረስ ወደ ጥልቁ አትሂዱ።