ከጋፋት መድፍ እስከ ጠመንጃ ሞላ፦ ወደ ኋላ የሚመልሰው ግፊት የት ይደርሳል?



የዛሬው ንግግሬ ስለ አጸፋዊ ግፊት፣ ማለትም መሣሪያ ሲተኮስ ተኳሹን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ኃይል ነው። ከአንበሳሜም ሆነ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ለሚወጣ ሰው ጋፋት ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፊል ዋልድማየርን በመሳሰሉ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከቅርባችን መጀመር እንችላለን።

መነሻችን የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። ጥይቱ ወደ ፊት የሚያገኘውን ያህል ሞመንተም፣ ማለትም የክብደቱንና የፍጥነቱን ብዜት፣ መሣሪያው ወደ ኋላ ያገኛል። 8 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 700 ሜትር ቢወጣ፣ ሞመንተሙ 5.6 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። የባሩዱን ጋዝ ድርሻ ለጊዜው ብንተወው፣ 4 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጠመንጃ በሰከንድ 1.4 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ እንቅስቃሴ በ0.01 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ከተገደደ፣ ትከሻ በአማካይ 560 ኒውተን ኃይል ይቀበላል፤ በ0.05 ሰከንድ ከቆመ ግን 112 ኒውተን ብቻ ነው። ሞመንተሙ አልቀነሰም፤ የተራዘመው ጊዜው ነው።

ከዚህ ስሌት የምንረዳው አጸፋዊ ግፊትን ማጥፋት እንደማይቻል ነው። የሚቻለው በክብደት ወይም በጊዜ ማከፋፈል ነው።

ሴባስቶፖል የክብደትን መንገድ ያሳየናል። 7 ቶን ገደማ የሚመዝን፣ አፉ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር፣ ወደ ላይ አቅንቶ የሚተኩስ ሞርታር ነበር። በእንዲህ ያለ መሣሪያ የግፊቱን አብዛኛውን ክፍል ምድር ይቀበላል፤ የቀረውን ደግሞ የመድፉ ክብደት ያዘገየዋል። ሞመንተሙ አንድ ሆኖ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን፣ ወደ ኋላ የሚመለሰው የእንቅስቃሴ ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ መድፉን የሚያረጋው ክብደት በጉዞ ጊዜ ሸክም ሆነ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በማርች 1868 መጨረሻ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን እየጎተቱ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተሻገሩ፤ መንገዱም እየተቆፈረ ይሠራ ነበር። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲያርፉ መድፉ ግን በአምባው ቀረ፤ ዛሬም በዚያ ይገኛል።

የጊዜን መንገድ ከፈቱት መካከል የፈረንሣዩ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ በታሪክ ጎልቶ ይታወቃል። ወደ አገልግሎት የገባው እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከዐድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ የሜዳ መድፎች በተተኮሱ ቁጥር ከነመንኮራኩራቸው ወደ ኋላ ስለሚንከባለሉ እንደገና ማነጣጠር ግድ ነበር። በአዲሱ መድፍ ግን አፈሙዙ ብቻ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ዘይትና የታመቀ አየር ያለዝቡትና ወደ ቦታው ይመልሱታል። የመኪና አሞርዛተርም የሚሠራው በተቀራራቢ ሐሳብ ነው።

ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ደግሞ ከግፊቱ ሥራ ያወጣበታል። ከጥይቱ መተኮስ የሚገኘው ጉልበት መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቀለሃው ይወጣል፤ ሞላው ይታመቃል። ሞላው ሲለቀቅ መቀርቀሪያውን መልሶ ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል። መቀርቀሪያው በጉዞው መጨረሻ ከጠመንጃው አካል ጋር እንዳይላተም የሚያለዝበው ክፍል ባፈር ይባላል። በኤም 16 ዓይነት ጠመንጃ ሞላውና ባፈሩ በሰደፉ ውስጥ ይገኛሉ፤ በባፈሩ ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክብደቶችም መቀርቀሪያው ሲዘጋ እንዳይነጥር ያግዛሉ። በክላሽንኮቭ ግን ሞላው ከመቀርቀሪያው በስተኋላ ያለ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ባፈር የለውም።

እንግዲህ በባፈር ላይ ጎማ መጨመር ግፊቱን ያጠፋል የሚል አሳብ ስንሰማ፣ ሦስት ጥያቄዎችን እናንሣ። ጊዜው በምን ያህል ተራዘመ? ክብደት ተጨመረ? የመቀርቀሪያው ጉዞስ አጠረ? ጎማው ብረት ከብረት ጋር የሚላተምበትን ድንገተኛ ምት ያለዝባል፤ ነገር ግን ጉዞው በብዙ ካጠረ መቀርቀሪያው ቀጣዩን ጥይት ሳያነሣ ሊመለስ፣ መሣሪያውም ሊነክስ ይችላል። ሞላው ሲደክም ደግሞ ምቱ እየበረታ ሄዶ የጠመንጃውን አካል ይጎዳል። ባፈር የሚመዘነው ከሞላው፣ ከመቀርቀሪያው ክብደትና ከጥይቱ ኃይል ጋር ተያይዞ ነው።

ጋፋት ዛሬ በአገራችን ለአንድ የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪ መጠሪያ ሆኗል። የምህንድስና ተማሪዎቻችን ከስሙ ጋር ትምህርቱንም እንዲወርሱ እመኛለሁ፤ አንድን ኃይል ከአንድ ቦታ ስናነሣ የት እንደምናሳርፈው አስቀድመን ማስላት አለብን። የጋፋት ሰዎች ግፊቱን በክብደት ሲሸከሙት፣ ዋጋውን የከፈሉት ገደል ለገደል የጎተቱት ሰዎች ነበሩ።